ከማጣሪያው ኩሬ የመጣ ቄጠማ

የመንደራችን ቆሻሻ ውሃ በቄጠማ ሥር እያለፈ የሚጣራበትን ኩሬ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ማንም እንዳይነካው አደራ አለብኝ።

በቀዳም ስዑር የንስሐ አባቴ ቤት ለቤት ቄጠማ ሲያድሉ እኛም ዘንድ ገቡ። ቄጠማውን ሳየው ደነገጥኩ፤ ወንዙ በድርቅ ከነጠፈ ወዲህ እንዲህ የለመለመ ያለው የእኔ ኩሬ ላይ ብቻ ነው። የልጅ ልጆቼ ራሳቸው ላይ ሊያስሩት ተሽቀዳደሙ።

«አንተ፣ ምን ቆመህ ታያለህ? ጎንበስ በል እንጂ!» አለች ባለቤቴ።

ወደ ቄሱ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ይህ የበቀለው የሽንት ቤት ፍሳሽ ላይ ነው። ልጆቹ እንዳይታመሙብኝ» አልኳቸው።

በእርጋታ አዩኝ።

«አውቃለሁ፤ ደኅና አድርጌ አጥቤዋለሁ። ለመሆኑ ልጄ፣ ርግቧ ለኖኅ ቅጠሉን ያመጣችለት ከንጹሕ ውሃ ላይ ይመስልሃል?»