ችግኙን ማን ይነቅላል?

ሐዋሳ ደን ልማት ቢሮ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት አለቃዬ ጓድ ከበደ መቀመጫ እንኳ ሳያሳየኝ፣ “ኮረብታው ላይ ችግኝ እየተነቀለብን ነው። ሄደሽ ማን እንደሆነ አጣሪ” አለኝ። በትምህርት ቤት የተማርኩት ስለ ዘር መደብና ስለ ጉድጓድ ጥልቀት ነበር። ስለ ነቃይ ያስተማረኝ የለም።

ኮረብታው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ዘመኑ የደርግ ነበርና መንግሥት ከልሎት ጽድ ተተክሎበታል፤ ከብት ማስገባትም ሣር ማጨድም ክልክል ነው። የደኑ ዘበኛ ጋሽ ተሰማ ቦታውን አሳየኝ። የተነቀሉት ችግኞች ከነአፈራቸው ጥላ ሥር ተደርድረዋል። ገረመኝ። ተናዶ የሚነቅል ሰው ወርውሮ ይሄዳል እንጂ እንዲህ ይጠነቀቃል?

ቁጥቋጦ ተከልለን ስንጠብቅ አንዲት እናት ማጭድ ይዘው መጡና ጎንበስ ብለው መንቀል ጀመሩ። ጋሽ ተሰማ ያዛቸው። ወይዘሮ ዱካሌ ይባላሉ፤ ከኮረብታው ግርጌ ነው የሚኖሩት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሐመሶ ደርሶ፣ “የሕዝብ ንብረት አጥፍተዋል፤ ይታሰራሉ” አለ።

እኔ ግን መጠየቅ አማረኝ። “እናቴ፣ ለምንድን ነው ደርድረው የሚያስቀምጧቸው?”

“ችግኙ ምን አደረገኝ?” አሉ። “ችግኝ ካለበት ዘበኛው ሣር አያሳጭደንም። ከሌለበት ዝም ይላል። ላሜ ደግሞ ጽድ አትበላም።”

ጋሽ ተሰማ አንገቱን ደፋ። የታዘዘው ችግኝ እንዲጠብቅ ስለሆነ ባዶውን ቦታ ዞር ብሎም አያየውም ነበር።

ቢሮ ተመልሼ ጓድ ከበደን፣ የግርጌው ሴቶች አንደኛው ተዳፋት ላይ ሣሩን በማጭድ እንዲያጭዱ ፍቀድልን አልኩት።

“መመሪያውን አላነበብሽም? ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?”

“እኔ።”

“አንድ ክረምት ብቻ” አለ። ሊቀመንበሩም ወይዘሮ ዱካሌን ለቀቃቸው።

መጀመሪያ ተበላሸ። ሣሩ ውስጥ የተሸሸገው ችግኝ አብሮ ታጨደ። ወይዘሮ ዱካሌ ጫፉን ይዘው ቢሮ ድረስ መጡ፤ “ይሄን እኔው ነኝ የቆረጥኩት፤ አላየሁትም” አሉ። ሥራዬን የማጣ መሰለኝ። ኮረብታው ላይ ተሰብስበን ተከራከርን። ሴቶቹ ከማጨዳቸው በፊት የየችግኙን ዙሪያ ሊኮተኩቱ፣ ሊቀመንበሩ የምልክት እንጨት ሊያስተክል፣ ጋሽ ተሰማ ደግሞ ከብት ብቻ ሊከለክል ተስማማን።

ክረምቱ ሲወጣ ጓድ ከበደ ራሱ መጣ። ተዳፋቱን እያለከለከ ወጣና፣ “የተነቀለው የታል?” አለ።

“የተነቀለ የለም።”

“እንግዲያው ያንንም ጨምሩ” ብሎ ወደ ማዶው ተዳፋት ጠቆመ።

ደርግ ሲወድቅ ዘበኞቹ ተበተኑ፤ ብዙ ቦታ ደኑ በመጥረቢያ አለቀ። የእኛም የታችኛው ጫፍ ተቆርጧል። ላይኛውን ሴቶቹ ተራ ገብተው ጠብቀውታል፤ እስከ ጡረታዬ ድረስ ቆሞ አይቼዋለሁ።

ደን የሚጠብቀው ከደኑ የሚያገኘው ነገር ያለው ሰው ነው። ደንቡም በአንድ ጊዜ አይስተካከልም፤ በየክረምቱ ከተጠቃሚዎቹ ጋር እየታየ መታረም አለበት።