ገለቴና የኦቦ ዱቤ መሐላ

ባለቤቴ ገለቴ ሕግ አስተማሪ ነበረች። ሰበታ ተወልዳ፣ ሰበታ አግብታ፣ ሰበታ ተቀበረች። በመሃሉ አዲስ አበባ እየተመላለሰች የመሬትና የውርስ ሕግ ለብዙ ዓመታት አስተማረች። ያስተማረቻቸው ልጆች አሁንም መንገድ ላይ አስቁመው ያመሰግኑኛል። እኔ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ የነበርኩ ሰው ነኝ፤ በትምህርታቸው ውስጥ እጄ የለበትም። ቢሆንም ምስጋናውን በእሷ ፈንታ እቀበላለሁ። እዚህ የምጽፈው ከምርምር ሥራዋ ውስጥ አጠገቧ ሆኜ ያየሁትን አንድ ነገር ነው።

ዕድሜዋ ሃምሳን ካለፈ በኋላ ዶክትሬት ልማር አለች። «በዚህ ዕድሜ?» አልኳት። «ጡረታ ስወጣ ከአንተ ጋር ቁጭ ብዬ ከምጣላ ብዬ ነው» አለችኝ።

የምታጠናው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ከጥንት የኖሩ ገበሬ ቤተሰቦች «መሬታችን» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ሕጉስ ይህን ሲሰማ ምን ብሎ ይረዳዋል? ስለዚህ የሕግ መጻሕፍት ብቻ አልበቋትም። ስለ ቋንቋ የተጻፈ አነበበች፤ ፍልስፍና አነበበች፤ የካናዳና የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ከአያቶቻቸው በቃል የወረሱትን ይዘው ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ምን እንደገጠማቸው አነበበች። እራት ላይ ትነግረኝ ነበር። ግማሹ አይገባኝም፤ ስትነግረኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሽማግሌዎቹ አብሬያት እሄዳለሁ። ሱሉልታ አንድ ሽማግሌ እኔን ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ፣ «ይሄ ጠባቂሽ ነው?» አሏት።

«ባሌ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይናገርም?»

«ቤት ተናግሮ ጨርሶ ነው የመጣው» አለቻቸው። ሽማግሌው ሳቁ፤ እኔም የምቀመጥበት በርጩማ ተሰጠኝ።

አሠራሯ አንድ ነበር። ሽማግሌው ሲናገሩ አታቋርጥም። ሲጨርሱ የያዘችውን በኦሮምኛ መልሳ ታነብላቸዋለች። «እንዲህ አላልኩም» ካሏት ትሰርዛለች። «ይህ ለመጽሐፍ አይሆንም» ካሏትም ትሰርዛለች። አንዳንዴ የግማሽ ቀን ወሬ ተሰርዞ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። እኔ ስበሳጭ እሷ በሚኒባሱ መስኮት እያየች ትዘፍናለች።

በዚህ መሃል ጂቱ ደወለችላት። ጂቱ ገለቴ ያስተማረቻት ጠበቃ ናት፤ ቡራዩ ላይ አቅም ለሌላቸው በነፃ ትቆማለች። የያዘችው የአዴ ሊቤን ጉዳይ ነበር፤ አዴ በእኛ ዘንድ ወይዘሮ፣ ኦቦ ደግሞ አቶ ማለት ነው።

አዴ ሊቤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ቡራዩ ዳር፣ ከተማው እየገፋ በደረሰበት ዳገት ሥር፣ አባታቸው ኦቦ ያደታ ያወረሷቸው ቤትና መሬት አላቸው። አባትና እናታቸውን እዚያው ቤት ውስጥ ጦረው ቀብረዋል። በመሬቱ ጥግ መንገድ ሊያልፍ ነው ሲባል የኦቦ ያደታ የወንድም ልጅ ኢቲቻ ክስ አቀረበ። ክሱ «ሊቤ የአጎቴ ልጅ አይደለችም፤ ከተፍኪ የመጣች ናት፤ ወራሹ እኔ ነኝ» የሚል ነበር። ከተፍኪ አንዲት አሮጊት አስመጥቶ አዴ ሊቤን የወለደቻቸው እናት ሌላ እንደነበረች አስመሰከረ። ከዚያ በኋላ የቀራቸው አንድ መንገድ ነው፤ በጉዲፈቻ የኦቦ ያደታ ልጅ መሆናቸውን ማስረዳት። ካልቻሉ በስተርጅና ከቤታቸው ይወጣሉ።

ጉዲፈቻ በእኛ ዘንድ አንድ ሰው የሌላውን ልጅ በሽማግሌ ፊት ምሎ የራሱ ልጅ የሚያደርግበት ሥርዓት ነው። ሕጉም ያውቀዋል፤ እንዲህ የገባ ልጅ እንደ ተወለደ ልጅ ይወርሳል። ሥርዓቱን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው ደግሞ በሕይወት ነበር፤ ገፈርሳ አጠገብ የሚኖሩት ኦቦ ዱቤ። ጂቱ ደውላ «ለያደታ ልጅ ይመሰክራሉ?» ብትላቸው «እንዴታ!» አሏት። በቀጠሮው ቀን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ገለቴና እኔም ከኋላ ተቀምጠን ነበር።

ጂቱ ጠየቀቻቸው። «ኦቦ ዱቤ፣ አዴ ሊቤ የኦቦ ያደታ የጉዲፈቻ ልጅ ናቸው?»

«አይደለችም።»

ጂቱ ደነገጠች። «በጉዲፈቻ አልተቀበሏቸውም?»

«ምን ጉዲፈቻ ትይኛለሽ? ልጁ ናት!»

«ኦቦ ዱቤ፣ እርስዎ እዚያ ነበሩ። ሥርዓቱ ሲፈጸም…»

«እዚህ ድረስ የጠራሽኝ እንዲህ ያለ ነገር ልታናግሪኝ ነው? ልጁ ናት አልኩሽ!» ብለው ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

የኢቲቻ ጠበቃ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «መስቀለኛ ጥያቄ የለኝም» አለ፤ ፈገግታውን ለመደበቅም አልሞከረም።

ኦቦ ዱቤ አልዋሹም። በእኛ ዘንድ ልጁ ከተማለለት በኋላ «ጉዲፈቻ ነው» ብሎ ማውራት ነውር ብቻ ሳይሆን መሐላ ማፍረስ ነው። እዚያ የቆሙት ሽማግሌዎች ሁሉ ይህን አናወጣም ብለው ይምላሉ። ኦቦ ዱቤ ይህን ስድሳ ዓመት ጠብቀው ኖረዋል፤ ያውም አዴ ሊቤ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ሳሉ ሊያፈርሱት አልቻሉም። ሴትዮዋን ቤታቸው ውስጥ የሚያቆያቸው ቃል ኦቦ ዱቤ ሊናገሩት የማይችሉት ቃል ሆነ።

ጂቱ ምስክሩ እንደገና ይሰሙልኝ ብላ ለመነች፤ ዳኛዋ ፈቅደው ቀጠሮ ሰጡ። ግቢው ውስጥ ገለቴ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቆመች። «ይህን ነው ስንት ጊዜ የማጠናው» አለችኝ፤ «ፊቴ ላይ ሲሆን ግን ቆሜ አየሁ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገፈርሳ ሄድን። ያን ቀን የሠራችው ስህተት የሕግ አስተማሪ ስህተት ነው። ኦቦ ዱቤን ካስቀመጠች በኋላ ሕጉን አስረዳቻቸው፤ አንዲት ቃል ካልተናገሩ አዴ ሊቤ ቤታቸውን እንደሚያጡ፣ ፍርድ ቤት የሚናገሩት ነገር እንደ ሐሜት እንደማይቆጠር፣ ሕጉ ራሱ ጉዲፈቻን እንደሚያከብር። ጥሩ አድርጋ አስረዳች። ኦቦ ዱቤ እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። ነገረቻቸው። «አባትሽን አውቀዋለሁ። ይህን ስትጠይቂኝ እንኳን አልሰማ» ብለው ተነሡ። ሽማግሌዎች ቤት ሁልጊዜ የሚቀርብልን እርጎ ሳይቀርብ ወጣን።

ቤት ደርሰን እኔ ሽሮ ስሠራ እሷ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። «ተሳስቻለሁ» አለች። «ለሕጉ መሐላው የጉዲፈቻ ማስረጃ ነው። ለእሳቸው ግን መሐላው ጉዲፈቻ የሚባለውን ነገር ጨርሶታል። ከዚያ ወዲህ ያለው ልጅ ብቻ ነው። እኔ የሌለ ነገር አለ በሉ ነው ያልኳቸው።»

«ታዲያ ምን ይጠየቃሉ?» አልኳት።

«ስለ ልጅቷ ምንም።»

በሳምንቱ ቅዳሜ ስንመለስ ኦቦ ዱቤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። «አካም ቡልተን» ብላ እንዴት አደሩ አለቻቸው። «ነጋ፣ ሰላም ነው» አሉ በቀስታ። እኔን ደግሞ «አንተ ዛሬም ዝም ነህ?» አሉኝ። ይህን ስሰማ ልባቸው ትንሽ እንደተመለሰ አወቅኩ።

«ኦቦ ዱቤ፣ ስለ አዴ ሊቤ አንዲት ቃል አልጠይቅዎትም» አለች። «ስለ ኦቦ ያደታ ይንገሩኝ። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ያደታ ሲያርስ እንዴት እንደነበር፣ በሬው ገደል የገባ ቀን ምን እንዳለ፣ ሚስቱን እንዴት ያከብራት እንደነበር አወሩ። «ከሁሉ በላይ ግን ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነበር» አሉ። «ፊታችን የማለውን እስኪሞት ጠብቋል።»

«ምን ብለው ነበር የማሉት?»

ኦቦ ዱቤ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ምን እያደረገች እንዳለች የገባቸው ይመስለኛል። ከዚያ መሬት መሬቱን እያዩ ተናገሩ። በግ መታረዱን፣ ቅቤ መቀባቱን፣ ያደታ ሕፃኗን ጭኑ ላይ አድርጎ የተናገረውን። «ይህች ከዛሬ ጀምሮ ከአጥንቴ ወጥታለች። እኔ ጠግቤ እሷ አትራብም። ሌላ ብወልድም መሬቴ መሬቷ ነው። ከዚህ ሌላ የሚናገር የእኔ ወገን አይደለም። እንዲህ አለ ያደታ። እኛም ማልን።»

ገለቴ መልሳ አነበበችላቸው። አንድም ቃል አላሰረዙም።

«ይህንኑ ለዳኛዋ ይነግሩልኛል?»

«የያደታን ቃል መንገር ያደታን ማክበር ነው። እነግራለሁ። ግን ልጅቷ በሌለችበት።» ልጅቷ የሚሏቸው አዴ ሊቤን ነው። ያን ቀን እርጎው ቀረበ።

በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ጥያቄውን ሲሰሙ ጥቂት አሰቡና፣ ጠበቃቸው እስካለች ድረስ አዴ ሊቤ መውጣት ይችላሉ አሉ። ብቻቸውን እንዳይሆኑ ገለቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ አብሬያቸው ወጣሁ። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ወሬውን እሳቸው ጀመሩት።

«ኢቲቻ እስኪከሰኝ ድረስ ምንም የማላውቅ መስሏቸው እኮ ነው፣ ቢቂላ።»

ወደ በሩ አየት አድርገው ቀጠሉ።

«ልጅ ሆኜ ውሃ ስንቀዳ አንዲቱ ተጣልታኝ ነገረችኝ። እያለቀስኩ ቤት ገባሁ። እናቴ የያዘችውን አስቀመጠችና ጠጉሬን ፈትታ እንደገና ትሠራኝ ጀመር። ‹ይሄ ጠጉር የማን ነው?› አለችኝ። ‹የእኔ› አልኳት። ‹የለም፣ የእኔ ነው› አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጠይቄ አላውቅም። ምን ልጠይቅ?»

«ለኦቦ ዱቤ ለምን አይነግሯቸውም? ይገላገሉ ነበር።»

«አንተ ደግሞ! ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ለእኔ ብለው አፋቸውን ዘግተው ኖረዋል። አውቅ ነበር ብላቸው ድካማቸውን ምን ላደርገው ነው? እሳቸው ጋ እንዳይደርስ። አደራ።»

ወዲያው በሩ ተከፈተ። ኦቦ ዱቤ ወጥተው አዴ ሊቤን ሲያዩ ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ብርድ ላይ ምን ያስቀምጥሻል?» ብለው ተቆጧቸው። አዴ ሊቤም እንደ ትንሽ ልጅ ቶሎ ብድግ አሉ።

ፍርዱ ለአዴ ሊቤ ሆነ። ዳኛዋ ኦቦ ያደታ በሽማግሌዎች ፊት የፈጸሙት ሥርዓት ተረጋግጧል፤ የምስክሩ የመጀመሪያ መልስም ሥርዓቱን የሚያጸና እንጂ የሚያፈርስ አይደለም ብለው ጻፉ። ገለቴ ይህን አረፍተ ነገር ደጋግማ አነበበችው።

አዴ ሊቤ የነገሩኝን ለገለቴ የነገርኳት በምስክርነቱ ቀን ስንመለስ ነው። አስኮ ስንደርስ መሳቅ ጀመረች፤ ተሳፋሪው ዞሮ እስኪያያት ድረስ ሳቀች። «ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም አንዱ ለሌላው ብሎ ይጠብቃል!» አለች።

«ትጽፊዋለሽ?»

ሳቋ ቆመ። «ኦቦ ዱቤ እያሉማ አይጻፍም።»

ጥናቷን ስታቀርብ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ልክ እሱኑ ጠየቋት። «ልጆቹ ራሳቸው ያውቃሉ ወይ? ይህ ካልተመለሰ ምዕራፉ ይጎድላል።»

«ልክ ነዎት፣ ይጎድላል» አለች። «ለመመለስ ግን ፈቃድ የለኝም።»

ፈታኙ ጉድለቱን መዝግበው አሳለፏት። ስንወጣ የተቆጨች መስሎኝ አየኋት። እሷ ግን ምሳ የት እንደምንበላ ነበር የምትጠይቀኝ።

ዶክተር ተብላ ብዙ አልቆየችም፤ በሽታው ቶሎ ወሰዳት። አብረን ለኖርንበት ጊዜ፣ ለእነዚያ ቅዳሜዎች፣ ላስታመሟት ሁሉ፣ አምላክን አመሰግናለሁ። ኦቦ ዱቤም ዘጠናውን አልፈው አምና ዐረፉ፤ አዴ ሊቤ ለአባት እንደሚለቀስ አለቀሱላቸው። አሁን የሚጎዳ ሰው የለም ብዬ፣ የጎደለው ነገር ቢያንስ በእኔ እጅ ይጻፍ አልኩ። መጀመሪያ ግን አዴ ሊቤን ለመጠየቅ ቡራዩ ሄድኩ። መንገዱ የመሬታቸውን ጥግ ወስዷል፤ የቀረው ላይ ጎመን ተክለዋል። ሥራቸውን ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ጻፈው። ግን ኢቲቻን ክፉ ሰው እንዳታደርገው።»

«ከቤትዎ ሊያስወጣዎት ነበር እኮ።»

«ነበር። ክረምት ላይ ደግሞ ጣሪያው ሲያፈስ ሳልጠራው መጥቶ ቆርቆሮውን የመታልኝ እሱ ነው» አሉና አንድ እቅፍ ጎመን አስያዙኝ። «ምን ላድርገው? የአጎቴ ልጅ ነው።»