ትንፋሽ ያጠራቸው የጋሽ ካሳው ዓሦች

ጋሽ ካሳው ለዓሦቻቸው ማዕረግ ይሰጣሉ። ጺማሙን ትልቁን ካርፕ «ሻለቃ» ብለውታል። ሠላሳ ዓመት እስራኤል አገር፣ ሬሖቮት ከተማ ውስጥ የፋብሪካ ወለል ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ባለቤታቸው ገበያነሽ «ቤት ቁጭ ብለህ እኔን አታዝዘኝም!» አሏቸው። በሳምንቱ ቂርያት ዔቅሮን አጠገብ፣ ሰው እየከፈለ ዓሣ በሚያጠምድበት ኩሬ ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። ያደጉት ደንቢያ፣ ጣና ዳር ነውና ሥራው አልከበዳቸውም።

ባለፈው ኅዳር የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ፤ ከዚያ ደግሞ ጥቂት ቀን ፀሐይ ሆነ። አንድ ማለዳ ጋሽ ካሳው ሲደርሱ ኩሬው እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኗል። ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃ በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

የኩሬው ባለቤት ኤራን ደስ አለው።

«ርቧቸዋል! ያላ፣ መኖ ጨምርላቸው!»

«ረሃብ አይደለም፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው» አሉ ጋሽ ካሳው። «አንተ አራተኛ ፎቅ ወጥተህ ስታለከልክ ሳንድዊች ቢያጎርሱህ ደስ ይልሃል?»

ኤራን ሆዱን ዳበስ አድርጎ መኖውን መለሰ። ጋሽ ካሳው አየር የሚነፋውን ማሽን አስነሡና፣ ወደ ኩሬው የሚገባውን ቦይ ተከትለው ሽቅብ ወጡ። ቦዩ ከጎረቤት እርሻ አደረሳቸው። እዚያ የዶሮ ፍግ ያለ ሽፋን ተቆልሏል፤ አጠገቡም የተቀደዱ የማዳበሪያ ከረጢቶች አሉ።

የእርሻው ሥራ መሪ ዓለምነው፣ እሱም የጎንደር ልጅ፣ ሲያያቸው ብድግ አለ።

«ጋሼ ካሳው! ምን እግር ጣለዎት?»

«ልከስህ ነው የመጣሁ።»

«ከሳሼ ማነው?»

«ሻለቃ።»

ዓለምነው ደነገጠ። «የጦሩ ሻለቃ? ኧረ ጋሼ፣ ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር ተጠርቼ የቀረሁበት ቀን የለም!»

ጋሽ ካሳው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ «ዓሣዬ ነው» ሲሉት እሱም ሳቀ፤ ከዚያ እጁን ይዘው ኩሬው ዳር ወሰዱት። አሥራ አንድ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ተንሳፍፈዋል። የሁለቱም ሳቅ ጠፋ።

«ዝናቡ ፍግህን አጥቦ ያመጣልኛል» አሉ ጋሽ ካሳው። «ይሄ አረንጓዴ ነገር እሱን በልቶ ይደልባል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ የውሃውን አየር ይጨርሰውና ዓሦቹ ታፍነው ያድራሉ። ማዳበሪያህ ያለመለመው ማሳህን ሳይሆን የኛን ኩሬ ነው።»

«አላወቅሁም፣ ጋሼ» አለ ዓለምነው አንገቱን ደፍቶ። «ውሃው ከኛ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አንድም ቀን አስቤ አላውቅ።»

«በል አሁን አስብ!»

«ቤሰደር፣ እሺ ጋሼ።»

ያንኑ ቀን ፍጉን በላስቲክ ሸፈነ። በሳምንቱ ውስጥ ቦዩን በትራክተር ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረ፤ በማሳውና በኩሬው መካከልም ሰፋ ያለ መሬት ሳይታረስ ሣር እንዲያበቅል ተወ። ኤራን የኩሬውን ውሃ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያስወጣ በንጹሕ ተካ። ውሃው እስኪጠራ አንድ ወር ፈጀ።

አሁን ዝናብ በጣለ ቁጥር ገና በጠዋቱ የጋሽ ካሳው ስልክ ይጮኻል። ዓለምነው ነው።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?»

«እኔን ነው ዓሦቹን?»

«ዓሦቹን» ይላል ያለ ሐፍረት።