ሐጂን ደጅ ስጠና

የሙዚየም ሥራ ማለት የሰው ደጅ መጥናት ነው። ደሴ ሙዚየም ውስጥ እሠራለሁ፤ ዩኒቨርሲቲም ታሪክ አስተምራለሁ። ኮምቦልቻ ያሉ አንድ አዛውንት ነጋዴ በእጅ የተጻፈ ጥንታዊ መጽሐፍ እንዳላቸው ሰማሁና ሄድኩ። በቀጥታ መጠየቁ ነውር መስሎኝ፣ «ሐጂ፣ ቤትዎ ያለችውን ውድ ነገር ፈልጌ ነው» አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ፣ እናስብበታለን» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ሶላት እሰግድ፣ ጫት እቅም እንደሆነ ይጠይቁኛል እንጂ መጽሐፉን አያነሱም።

በመጨረሻው ቀን አንጀቴ አረረ። «ሐጂ፣ ወላሂ ሰለቸኝ! ተቆልፎባት ምስጥ ከሚበላት ለኔ ይስጡኝ። መስታወት ውስጥ አስቀምጬ ለሕዝብ አሳያታለሁ!»

ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

«ሽማግሌ ሳትልክ መመላለስህን ችዬልህ ነበር፤ ልጄን ነው ለሕዝብ የምታሳያት?»