ግድግዳው ሥር ያለው የክብር ቦታ

እስር ቤት ሰውን የሚያሳምመው በዱላ ነው ይባላል። አይደለም። እኔን በእስር ዘመኔ ማንም በጥፊ እንኳ አልነካኝም። የታመምኩት በአክብሮት ነው።

ይህን ስናገር ሰዎች ቅር ይላቸዋል። የቀድሞ እስረኛ ጠባሳ ማሳየት አለበት፤ እኔ የማሳየው ከኪሴ የማይለየውን፣ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ወደ አፌ የምነፋውን መድኃኒት ነው። «ዱላ አልነበረም?» ይሉኛል፣ ትንሽ ተስፋ ቆርጠው። አልነበረም። ግድግዳ ነበር።

ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት አርባ ምንጭ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። ሰሜን የተወለድኩ፣ ያነበብኩትን ሁሉ የማምን፣ ያላነበብኩትን ሁሉ የምንቅ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው። መምህራን የፈረሙበት አንድ የአቤቱታ ወረቀት ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የፈረምኩት ግን መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ብልሃቴ አላዳነኝም። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለሁ ሁለት ሰዎች መጡና «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አሉኝ። አምስት ደቂቃው ሰባት ወር ሆነ።

የታሰርኩበት ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ድንጋይና ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮት የሌለው፣ አንድ በር ብቻ ያለው። ከጀርባው የሙዝ ማሳ አለ፤ የማሳው የውኃ ቦይ የኋላውን ግድግዳ ታክኮ ያልፋል። ስገባ መጀመሪያ የመታኝ ሙቀቱ ነው። ቀትር ላይ እዚያ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ክዳኑ የተገጠመ ድስት ውስጥ መቀመጥ ነው። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ ዝናብ መትቶት ሳይደርቅ የተጠቀለለ ጆንያ ሽታ። በሦስተኛው ቀን ሽታው የጠፋ መሰለኝ። የጠፋው ግን አፍንጫዬ ነበር።

ከእኔ ጋር አሥራ አራት ሆንን። ካቦው፣ ማለትም ከእስረኞቹ መካከል የክፍሉ አለቃ የሆነው፣ የምዕራብ ዓባያ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አስተማሪ ነህ?»

«ነኝ።»

«ምን ታስተምራለህ?»

«ታሪክ።»

«በል እንግዲህ፣ ገብተህበታል።» ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ዞር ብሎ «ለመምህሩ ከጋሼ ጎን ልቀቁለት» አለ።

የዚያ ክፍል ሥርዓት እንዲህ ነበር። በሩ አጠገብ የሽንት ባልዲው ይቀመጣል፤ እዚያ የሚተኛው ታናሹና በስርቆት የገባው ነው። መሐሉ ይፈላል። የኋላው ግድግዳ ግን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ ጀርባን ሲያስደግፉት ነፍስ ይዘራል። ስለዚህ ግድግዳው ሥር ያለው ቦታ ለሽማግሌ፣ ለታመመ ሰውና ለመምህር የተጠበቀ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ጀርባዬን አስደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ኩራት ተሰምቶኛል። ውጭ ማንም እንደዚያ አክብሮኝ አያውቅም ነበር።

ግድግዳው ያልበው ነበር። ከግርጌው ጥቁርና አረንጓዴ ሻጋታ ክብ ክብ እየሠራ ይወጣል፤ በጨርቅ እንጠርገዋለን፤ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። ካቦው «ካርታው» ይለው ነበር። «መምህር፣ ዛሬ ደግሞ ባሕር ተሻገረ፤ ና አስተምረን» ይለኛል።

ጋሼ የምንላቸው ከጋሞ ደጋ የመጡ፣ ስድሳውን ያለፉ ሰው ነበሩ። ሥራቸው ቀርከሃ እየሸመኑ ቤት መሥራት ነው። በመንደራቸው ሸንጎ ላይ ስለ መሬት አንድ ቃል ተናግረው ታሰሩ፤ ቃሉ ምን እንደነበረ ሲጠየቁ «አጭር ነበር» ከማለት ሌላ አልነገሩንም። ከእኔ በፊት አራት ወር ተቀምጠዋል፤ አራቱንም ወር ከግድግዳው ሥር። ደረታቸው ያፏጭ ነበር። ሳሉ ከመጣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፉና እስኪያልፍ መሬቱን ያያሉ፤ ልክ ጎርፍ እስኪጎድል እንደሚጠብቅ መንገደኛ።

ሁላችንም ሳንባ ነቀርሳ ነው አልን። የእስር ቤቱ ጤና ረዳት ሦስት ጊዜ አክታቸውን ወስዶ ሦስት ጊዜ «አይደለም» ብሎ ተመለሰ። ክፍሉ አላመነውም። እኔም አላመንኩትም።

«እኔ አልታመምኩም፣ መምህር» አሉኝ አንድ ቀን። «የታመመች ግድግዳዋ ናት።»

አማርኛውን ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው፤ ግድግዳን እንደ ሴት ይጠሩ ነበር። እኔም በልቤ ስሕተታቸውን አርም ነበር።

«ግድግዳ እንዴት ይታመማል፣ ጋሼ?»

«ቤት ከእግሩ ነው የሚታመም። እርጥበትና ምስጥ ከታች ይበሉታል። ያን ጊዜ ውስጡ ያለ ሰው ያስላል፤ የልጅ ዓይን ያብጣል። እኛ አገር ሰውዬውን አናክምም። ጎረቤት ይጠራል፤ የበሰበሰው ግርጌ ይቆረጣል፤ ከዚያ ቤቱን ተሸክመን ደረቅ ቦታ እናስቀምጣለን።»

«ቤቱን ተሸክማችሁ?»

«ቀርከሃ አይደል? የእናንተን ሲሚንቶ ግን ማን ይሸከመዋል?»

ሳቅኩ። ከዚያ ትምህርት ጀመርኩ። ለሳንባ ቆላ እንደሚሻል፣ የደጋው ብርድና የቤታቸው ጭስ ቀድሞ እንደጎዳቸው፣ ይህም በመጽሐፍ የተጻፈ መሆኑን አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ የት ነው የሚተኛው?» አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ለምርመራ ደጋ ላይ ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዷቸው። ከሳምንት በላይ ቆዩ። እንደማይመለሱ ገምተን ጋቢያቸውን አጣጥፈን አስቀመጥን። ሲመለሱ ግን በእግራቸው፣ ቀጥ ብለው ገቡ። ደረታቸው አያፏጭም።

«ጋሼ፣ እዚያ ምን አበሉዎት?» አለ ካቦው።

«ጥያቄ» አሉ። «ጠዋት ጥያቄ፣ ከሰዓት ጥያቄ። ግን ቤቱ ደረቅ ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በክብር ወደ ቦታቸው መለስናቸው። በአራተኛው ቀን ፉጨቱ ተመለሰ።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ብድግ አሉ። በአገራቸው ሸንጎ ላይ እንደሚደረገው ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው ነው የተናገሩት።

«ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከበሩ አጠገብ አስተኙኝ።»

«ባልዲው ጋ?» አለ አንዱ።

«ባልዲው ጋ።»

ካቦው ደነገጠ። «ነውር ነው፣ ጋሼ! ነገ ስንወጣ አባታቸውን ከሽንት ባልዲ ጎን አስተኙ ይሉናል። እናቴ ብትሰማ አፈር ብላ ትለኛለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ አንተ ተምረሃል። ምን ትላለህ?»

ተነሣሁ። እስካሁን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ሰው እዚህ ገብቶ የቀረው ነገር ክብሩ ብቻ ነው» አልኩ። «መንግሥት ያልወሰደውን እኛው እንግፈፋቸው?»

አጨበጨቡልኝ። በሕይወቴ ካደረግኳቸው ንግግሮች ሁሉ የተዋጣለት እሱ ነው። ጋሼ ትንሽ አዩኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር» አሉና ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ።

በልግ ገባ። ቆርቆሮው ቀን ከሌት ይንቀጫቀጫል፤ ቦዩ ሞልቶ ይሮጣል፤ ልብሳችን መድረቅ አቆመ። አሁን የእኔም ተራ ደረሰ። ጠዋት ዓይኔ ተጣብቆ ይነጋል፤ ጉልበቴና የጣቶቼ መገጣጠሚያ ያብጣል፤ ደረቴ ላይ አንድ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። ወደ ግቢው ወጥተን ፀሐይ ስንሞቅ ይለቀኛል፤ ስገባ ይይዘኛል። ይህን አስተውያለሁ። አስተውዬም ዝም አልኩ፤ ንግግሬ ገና ትኩስ ነበር።

ከዚያ ጎብኚ ይመጣል ተባለና ግድግዳው አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀባ። ጠባቂዎቹ ሻጋታውን ሳይፍቁ ከላዩ ላይ ለቀለቁት። ጎብኚው አልመጣም። በሳምንቱ ቀለሙ እንደሚፈላ ገንፎ አረፋ አወጣ። ካቦው አንዱን አረፋ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጣቱ የበሰበሰውን ልስን አልፎ እስከ አንጓው ገባ። ሲያወጣው ጥቁር ጭቃ ተከተለው። አሸተተው። ቀልደኛው ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ጋሼን አየ። ጋሼ በዚያ ሰዓት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው አየር ይፈልጉ ነበር፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል።

«ጋሼ» አለ ካቦው ጎንበስ ብሎ፣ «እናንተ አገር ቤት ስታነሡ ማን ነው የሚያዝ?»

«ቤቱን የሠራው።»

«ይሄንን የሠራው እዚህ የለም። እርስዎ ይዘዙን። ቤቱን ማንሣት ካልቻልን እኛ እንነሣ።»

አሥራ አራታችንም ምንጣፋችንን ጠቅልለን ታቀፍን። በእሳቸው አገር ቤት ሲነሣ አንድ ሰው ይጣራል፣ የቀረው ይመልሳል፤ በጥሪው እግር ይገጥማል። ጋሼ ተጣሩ። የጥሪውን ግማሽ ካወጡ በኋላ ትንፋሽ አለቀባቸው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ምንጣፋችንን እንደታቀፍን ጠበቅናቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ ሌላውን ግማሽ ጨረሱት፤ በማናውቀው ቋንቋ መለስንላቸውና አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሄድን። እንደገና ጠበቅን። አራት እርምጃ ለመሄድ ያን ያህል ጊዜ ሲፈጅ አይቼ አላውቅም።

ጋሼ ከበሩ ሥር፣ አፋቸውን በበሩ ግርጌ ወዳለው ክፍተት አድርገው ተጋደሙ። ባልዲውን እኔ አንሥቼ ወደ ኋላ ወሰድኩት። ግድግዳው ሥር፣ የክብር ቦታዬ ላይ አስቀመጥኩት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሽማግሌውን ወደ ባልዲው ማምጣት ነውር ነው ብለን ስንከራከር ባልዲውን ማንሣት ለአንዳችንም አልታየንም። ለእኔም፤ ያን ሁሉ አንብቤ።

ጠባቂው በሩን ሲከፍት ተደራርበን አገኘን፤ ከኋላ ባዶ ቦታ አለ።

«ይሄ ምንድነው? ባልዲው ለምን ተነሣ? ያንን ቦታ ለማን ነው የለቀቃችሁት?»

ጋሼ ከተጋደሙበት ቀና ሳይሉ መለሱለት። «ለእሷ። ታማለች፣ አትንኳት።»

ጠባቂው ተራምዶን አለፈና ግድግዳውን በመዳፉ ነካው። መዳፉን አየው፤ ሱሪው ላይ ጠረገው። ባልዲውን እንዳለ ትቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሱ ተራ በሩ ቀን ቀን አንድ ስንዝር ክፍት ይሆን ነበር።

ለጋሼ ግን ዘግይቷል። ፉጨቱ ቀለል አለ እንጂ አልለቀቃቸውም። ከወር በኋላ አሳሪዎቹ በእጃቸው እንዳይሞቱባቸው ነው መሰል ፈቷቸው። ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው የቀርከሃ ቃሬዛ ይዘው መጡ። በበሩ ክፍተት አየኋቸው፤ ቤት ሲሸከሙ የኖሩ ሰዎች እሳቸውን ተሸክመው ሄዱ። አንዱ ሲጣራ፣ ሌሎቹ ሲመልሱ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ይሰማ ነበር።

ከተፈታሁ በኋላ ወደ ደጋው ወጣሁ። ተቀብረው ነበር። ባለቤታቸው ከእሳቱ ወዲያ ያለውን ከፍ ያለ መቀመጫ አሳዩኝ፤ የእንግዳ ቦታ ነው። ከበሩ አጠገብ ልቀመጥ ብዬ ለመንኳቸው። ሳይከራከሩ መቀመጫውን አንሥተው አመጡልኝ። «እማማ፣ ከበሩ አጠገብ ልተኛ ሲሉ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ።

«ነግሮኛል» አሉ። «‹መምህሩ አከበረኝ› ነው ያለ።»

ወቀሳ ይሁን ምስጋና አልጠየቅኩም። አሁን ዕድሜዬ ወደ እሳቸው እየተጠጋ ነው፤ አሁንም አላወቅኩም። ሐኪሞች ሲጋራ ታጨሳለህ ወይ ይሉኛል። አላጨስም። እንግድነት ስሄድ ከሰላምታ በፊት ግድግዳ እደባብሳለሁ፤ ዘመዶቼ ሰውዬውን እስር ቤት ነካክቶታል ይላሉ። ልክ ናቸው።

ይህን የጻፍኩት እንድታዝኑልኝ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ አንድ አዛውንት አሉ፤ ጥሩውን ክፍል ሰጥታችኋቸዋል። አሁን ተነሡና ከራስጌያቸው ያለውን ግድግዳ በመዳፋችሁ ንኩት። ከረጠበ አልጋውን ዛሬ አንሡት። ቦታ ቀይሩልኝ ብለው ሲለምኗችሁ ከነበረ ደግሞ፣ ንግግር አታድርጉ። አንሡት።