ለሁሉም ዓይነት ቁጥር

ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ስማር የፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ መምህራችን ምሕረት የላቸውም ነበር። ለኮርሱ ማጠናቀቂያ ሥራ የደረሰኝ አማካይ የሚያወጣ ፈንክሽን፣ ማለትም ቁጥሮች ተቀብሎ ውጤት የሚመልስ አጭር ኮድ፣ መጻፍ ነው። አንዱ ፈንክሽን ግን ለሁሉም ዓይነት ቁጥር መሥራት አለበት፤ ቡና በኪሎ ተመዝኖ እንደ 2.5 ነጥብ ላለው ቁጥርም፣ በጆንያ ለተቆጠረው ሙሉ ቁጥርም። ለየዓይነቱ ለየብቻ መጻፍ አይፈቀድም። ተማሪ ባቀረበ ቁጥር መምህሩ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ሙሉ ቁጥር ብሰጠውስ?» በዚህች ጥያቄ ስንቱ ላብ በላብ ሆኖ ተቀምጧል።

አባቴ ሚዛን ሆስፒታል ከተኛ ሰንብቷል። በማቅረቢያዬ ዋዜማ ስደውል የእናቴን ስልክ ጎረቤታችን አነሳችው። «እናትሽ ወጣ ብላለች፤ አንቺ ትምህርትሽን» አለችኝ። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። እኔ ምንም አልጠረጠርኩም። ወደ ኮዴ ተመለስኩ።

በማግስቱ አቀረብኩ። ነጥብ ባላቸው ቁጥሮች ሠራልኝ። በሙሉ ቁጥር አልሞከርኩትም ነበርና ያቺን የመምህሩን ጥያቄ ቆሜ ጠበቅኩ። መምህሩ ጠረጴዛውን እያዩ፣ «ጥሩ ነው፤ ጨርሰሻል» አሉኝ። ለማንም የማይምሯትን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ፤ ዓይኔንም አላዩም። ነገር በዓይን ይገባል። አባቴ እንደሞተ ያኔ አወቅኩ።

ዶርም ስገባ ከማጂ የመጣችው የዶርም ጓደኛዬ ልብሴን በቦርሳ ከትታ ጨርሳለች። «እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ልሸኝሽ» አለችኝ። ውሸት እንኳ አታውቅበትም። ለካ ከቤት ደውለውላት፣ እሷም ለመምህሩ ነግራቸዋለች። እሺ አልኳት። ወደ ሚዛን ስንጓዝ ሸኮን ስናልፍ በመስኮት የቡናውን ጫካ አያለሁ። ሚዛን አክስቴ ቤት አሳደሩኝ። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው መርዶዬን ነገሩኝ። ቀብሩ ያለ እኔ አልፏል፤ «ለትምህርትሽ ብለን ነው» አሉ። ሴቶቹ ሲጮኹ የእኔ ዓይን ደረቅ ነበር። «ምን ዓይነት ልጅ ናት?» ሲባል ሰማሁ። እኔም አላውቅም ነበር።

ለቅሶው አልፎ ስመለስ ለፈንክሽኔ ሙሉ ቁጥር ሰጠሁት። እምቢ አለኝ፤ በምንጽፍበት የፕሮግራም ቋንቋ ማካፈሉ የተፈቀደው ነጥብ ላለው ቁጥር ብቻ ነው። ከማካፈሉ በፊት ማንኛውንም ቁጥር ነጥብ ወዳለው እንዲቀይር አድርጌ አስተካከልኩት። ከዚያ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ።

«ቲቸር፣ ያን ቀን ያልጠየቁኝን ይጠይቁኝ።»

«ግሬድሽ እኮ ገብቷል።»

«ቢገባም ይጠይቁኝ። እንደ ሌላው ተማሪ።»

ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ሁላችን በምንፈራው ድምፃቸው፣ «ሙሉ ቁጥር ብሰጠውስ?» አሉ።

«ይሠራል» አልኩና ለአባቴ ያላነባሁትን እንባ ሁሉ እሳቸው ፊት ቆሜ አፈሰስኩት።