ሳይሞቱ የተነፋ ጥሩምባ

የበደለኝ የቡድናችን ሐኪም ነው፤ ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ፣ በስብሰባ አዳራሽ፣ በሰው ፊት። የቁስቋሙን ሽማግሌ ከወንድማቸው ጋር ያስታረቅናቸው በቡድን ሥራ ነው ብሎ ተናገረ። ተጨበጨበለት። የሆነውን እኔ ልጻፈው።

ማኅበራዊ ሠራተኛ ነበርኩ። የማይድን ሕመም የያዛቸውን ቤታቸው እየሄድን እናስታምማለን፤ ሐኪሙና ነርሷ ሕመሙን ያያሉ፣ እኔ የቤቱንና የዘመዱን ነገር። ሽማግሌው በመድኃኒቱ ሥቃያቸው ጋብ ብሎላቸዋል። የቀራቸው ምኞት ታናሽ ወንድማቸውን ማየት ነበር። በእናታቸው ተዝካር ድግስ ተጣልተው ዓመታት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ወንድምየው የሚኖርበት ወለቃ ድረስ እየተመላለስኩ ለመንኩት። ጠላ ይቀዳልኝና ስለ ከብቶቹ ያወራኛል እንጂ ንቅንቅ አይልም።

ሐኪሙ ከሥልጠና እንደተመለሰ፣ ከእንግዲህ ሁላችንም አንድ ላይ ነው የምንገባው አለ፤ የንስሐ አባታቸውም ይጨመሩ። በጠዋት ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ቄስ አስከትሎ የታመመ ሰው ደጅ መኪና ማቆም ሌላ ነገር ያስመስላል አልኩት። ስጋት አያልቅብዎትም ብሎ ሳቀብኝ።

ሄድን። ገና የደም ግፊታቸው ሲለካ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ብቅ ስል የድንኳኑ ምሰሶ ቆሟል፤ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ። አልሞቱም እያልን ስንባዝን፣ ወንድምየው ሰው መርዶ ደውሎለት ኖሮ ከባጃጅ ወርዶ ደረቱን እየደቃ ገባ። በእኛ አገር ሰው ያኮረፈውን ሰው ቤት ባይረግጥም ከቀብሩ አይቀርም።

አልጋው ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። "አለህ እንዴ፣ አያ?"

ሽማግሌው ትራስ ተደግፈው አዩት። "ምነው፣ ለመምጣት መሞቴን ትጠብቃለህ? ያውም አልሞትኩልህ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ንፍሮው ተቀቅሎ ከሆነ ለእኔም ያምጡልኝ።"

ወንድምየው እግራቸው ላይ ወደቀ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ለማስታረቅ ቢነሡም የሚያስታርቁት ጠብ አልቀረም፤ ሁለቱ ስለ በሬ ማውራት ጀምረዋል። ነርሷ በሳቅ ፈርሳ ጓዳ ገባች። ጎረቤቶቹ እየተሳደቡም እየሳቁም ድንኳኑን ሲነቅሉ እኛ ንፍሮውን በላን። ሐኪሙም በላ።

በወሩ በዚያ አዳራሽ ስለ ጥሩምባው ትንፍሽ አላለም። ስለ ወለቃው ምልልሴም።

ሽማግሌው ከፍልሰታ በኋላ በወንድማቸው እጅ ላይ አረፉ። ለነርሷ ደወልኩላት፤ ለቄሱም ደወልኩ። ለሐኪሙ አልደወልኩም።